ሳይመዘገብ ያሸነፈው ዘመቻ፦ ፀረ-ሰው ፈንጂን ያሳገደው ድንበር ተሻጋሪ ጥምረት

ኦክቶበር 10 ቀን 1997 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኖርዌይ የኖቤል ኮሚቴ የዓመቱን የሰላም ሽልማት ፀረ-ሰው ፈንጂ (መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሰው ሲረግጠው የሚፈነዳ መሣሪያ) እንዲታገድ ለሚታገለው ዓለም አቀፍ ዘመቻና ለአስተባባሪው ለጆዲ ዊሊያምስ እኩል አካፍሎ ሰጠ። ተሸላሚው ዘመቻ ግን በሕግ የተመዘገበ ድርጅት አልነበረም። በስሙ የተከፈተ የባንክ ሒሳብም አልነበረውም። የነበረው አንድ አስተባባሪ ኮሚቴ፣ ደመወዟ በአንድ አባል ድርጅት በኩል የሚከፈላት አንዲት አስተባባሪ፣ እንዲሁም በደርዘኖች በሚቆጠሩ አገሮች የተበተኑ ከ1,000 በላይ ማኅበራት ናቸው። ሽልማቱ ከተነገረ ሁለት ወር ሳይሞላ የ122 መንግሥታት ተወካዮች ኦታዋ ላይ ተሰብስበው ይህ ዘመቻ የጠየቀውን ስምምነት ፈረሙ።

ዜጎች ከአገር አገር ተያይዘው መንግሥታትን ማስገደድ ይችሉ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ፍንትው ያለ ጉዳይ አላውቅም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን በተሳሳተ በኩል ነው። የልዕልት ዳያና ፎቶግራፍና የኖቤል ሜዳሊያው ይነሳሉ፤ ሥራው የተሠራበት መንገድ ይቀራል። እኔ የሚገደኝ ይህ መንገዱ ነው፤ የኋላ ኋላ የታየው ድክመትም የሚገኘው እዚያው ነውና።

ነገሩ የተጀመረው ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ በሚያጠኑ ባለሙያዎች ዘንድ አይደለም። በ1980ዎቹ የእነሱ ዐይን ያረፈው ኑክሌር ላይ ነበር፤ ፈንጂ ደግሞ እንደ ጥይት ተራ ዕቃ ይቆጠር ነበር። ጉዳቱን አስቀድመው ያዩት ሐኪሞች፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ በስደተኞች መጠለያ የሚያገለግሉ ሠራተኞችና ፈንጂ አምካኞች ናቸው። ሃንዲካፕ ኢንተርናሽናል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ከ1982 ጀምሮ በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር እግራቸውን ላጡ ስደተኞች ሰው ሠራሽ እግር ይሠራ ነበር። የእንግሊዙ ማይንስ አድቫይዘሪ ግሩፕ መሬት ላይ ወርዶ ፈንጂ ያመክናል። የጀርመኑ ሜዲኮ ኢንተርናሽናል ደግሞ በጦርነት ለተጎዱ ሕዝቦች የሕክምና ድጋፍ ይሰጣል። ሁሉም የደረሱበት ድምዳሜ ተመሳሳይ ነበር፤ ዛሬ አንዱን እግር ገጥመው ሲሸኙ ነገ ሌላው ይመጣል። በዘመኑ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይጠቅሰው በነበረው ስሌት አንድ ፈንጂ ከ3 ዶላር ጀምሮ ይመረታል፤ እሱኑ ፈልጎ ለማምከን ግን ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ይጠይቃል። በዚህ ስሌት መቼም የማያልቅ ሥራ እንደያዙ ገባቸው።

ሂውማን ራይትስ ዎች እና የሐኪሞች ለሰብዓዊ መብቶች ማኅበር በ1991 ስለ ካምቦዲያ ባወጡት ጥናት በዚያች አገር ከ236 ሰው አንዱ እጁን ወይም እግሩን በፈንጂ ያጣ መሆኑን አሳዩ። ያ ቁጥር ክርክሩን ቀየረው። እስከዚያ ድረስ ፈንጂ በወታደራዊ ጉዳይነት ብቻ ይታይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሰላማዊ ሰው ጉዳይ ሆነ። ተኩስ ከቆመ ከዓመታት በኋላ እርሻው ላይ የሚሞተው ገበሬ፣ ከብት ስትጠብቅ እግሯን የምታጣው ልጅ፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ የምትጎዳው እናት መነጋገሪያ ሆኑ።

በሕግ በኩል ባዶ ሜዳ አልነበረም። በ1980 የወጣው የአንዳንድ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት ስለ ፈንጂ የሚናገር ፕሮቶኮል ነበረው። ፕሮቶኮሉ ግን አጠቃቀምን ገደብ ገደብ ከማድረግ በቀር ማምረትን፣ ማከማቸትንና መሸጥን አይነካም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለእርስ በርስ ጦርነት አለመሥራቱ ነው፤ አብዛኛው ፈንጂ የሚቀበረው በእርስ በርስ ጦርነት ሆኖ ሳለ።

በ1991 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የቬትናም ጦርነት ዘማቾች ፋውንዴሽንና ሜዲኮ ኢንተርናሽናል አንድ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ለመጀመር ተስማሙ፤ ጆዲ ዊሊያምስንም አስተባባሪ አደረጉ። በኦክቶበር 1992 ስድስት ድርጅቶች ኒው ዮርክ ተገናኝተው ዘመቻውን መሠረቱ፤ ሁለቱ ጠሪዎች፣ ሃንዲካፕ ኢንተርናሽናል፣ ሂውማን ራይትስ ዎች፣ ማይንስ አድቫይዘሪ ግሩፕና የሐኪሞች ለሰብዓዊ መብቶች ማኅበር። ጥያቄያቸው በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነበር። ፀረ-ሰው ፈንጂን መጠቀም፣ ማምረት፣ ማከማቸትና ማስተላለፍ ሙሉ በሙሉ ይታገድ፤ ለማምከንና ለተጎጂዎች ድጋፍ የሚውለው ገንዘብ ይጨመር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ እዚህ አለና። በጊዜው በብዙ ዲፕሎማቶች ዘንድ «የበሰለ» ይባል የነበረው ሐሳብ ፈንጂን መቆጣጠር ነበር። የሚቀበርበት ቦታ በካርታ ይመዝገብ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ይሁን፣ በብረት መፈለጊያ የሚገኝ ይሁን የሚል። ስድስቱ ድርጅቶች ይህን አልተቀበሉም። ሜዳ ላይ የነበሩ ሰዎች ስለሆኑ አንድ ነገር ያውቃሉ፤ በሽሽት ላይ ያለ ወታደር ካርታ አይሥልም። ሙሉ እገዳ መጠየቅ ሌላም ጥቅም ነበረው። ድንበር ለሚሻገር ዘመቻ ጥያቄው ትርጓሜ የሚያሻው ከሆነ በየአገሩ የተለያየ መልክ ይይዛል፤ መንግሥታትም ልዩነቱን እያዩ ይደራደሩበታል። «አይሁን» የሚለው ቃል ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። አንድ መንግሥት ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም የሚለውን ማንኛውም ዜጋ ያለ ባለሙያ እገዛ መለየት ይችላል።

አባል ለመሆን መስፈርቱ በጥያቄው መስማማት ብቻ ነበር። መዋጮ የለም፤ ከማዕከል የሚወርድ የሥራ ዕቅድም የለም። የቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ የሐኪሞች ማኅበር፣ የሴቶች ድርጅት፣ የቀድሞ ወታደሮች ስብስብ፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ የልማት ድርጅት ሁሉም በየራሱ መንገድ ገባበት። እያንዳንዱ ብሔራዊ ዘመቻ የራሱን አገር መንግሥት በራሱ አገር ልማድ ይሞግታል፤ ከውጭ የሚመጣለት መረጃና የሌሎች አገሮች ምሳሌ ብቻ ነው። አስተባባሪዋ አብዛኛውን ጊዜ በስልክና በፋክስ፣ ቆየት ብሎም በኢሜይል፣ ማን ምን እንዳደረገ ለሁሉም ታዳርስ ነበር። ጣሊያን ውስጥ ማክሰኞ የተነገረ ቃል ሐሙስ ቤልጂየም ውስጥ በምክር ቤት አባል እጅ ላይ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ድንበር ይሻገር የነበረው ወሬው እንጂ ትዕዛዝ አልነበረም።

ይህ አሠራር በየአገሩ የተለያየ ፍሬ አፈራ። በአሜሪካ ሴናተር ፓትሪክ ሌሂና የምክር ቤት አባል ሌን ኢቫንስ ያቀረቡት የአንድ ዓመት የኤክስፖርት እገዳ ገና በ1992 ሕግ ሆነ፤ ትልቁ ወታደራዊ ኃይል ቀድሞ አንድ እርምጃ መራመዱ ለሌሎች ዘመቻዎች የመከራከሪያ ስንቅ ሆነላቸው። በፈረንሳይ የፊርማ ማሰባሰብ ዘመቻው ጫና ፈጥሮ ፕሬዚዳንት ሚተራን በ1993 የ1980ው ስምምነት እንዲከለስ ጠየቁ። ኋላም ሃንዲካፕ ኢንተርናሽናል በፓሪስ አደባባይ ጫማ እንደ ፒራሚድ መቆለል ጀመረ፤ መንገደኛው ጫማውን አውልቆ ይጥላል፣ እግር ለሌለው ሰው ጫማ ምንም እንደማያደርግለት እያሰበ ይሄዳል። ቤልጂየም በማርች 1995 ፀረ-ሰው ፈንጂን በሕግ ያገደች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

የጣሊያኑን ለብቻ ማንሳት እወዳለሁ። ጣሊያን በዓለም ከታወቁት የፈንጂ አምራቾች አንዷ ነበረች። በብሬሺያ አካባቢ በሚገኘው የቫልሴላ ፋብሪካ ከሚሠሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ፋብሪካቸው ፈንጂ ማምረቱን እንዲተውና ወደ ሌላ ምርት እንዲዞር ጠየቁ። እንጀራቸው ከዚያ ነበር። ከውጭ የመጣ ድርጅት ይህን ቢጠይቅ የሥራ አጥነት ስጋት ተነስቶ ክርክሩ በአንድ ቀን ይዘጋ ነበር፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሲጠይቁት ግን መልስ ጠፋ። ጣሊያን በ1994 ምርትና ኤክስፖርቱን በጊዜያዊነት አቆመች፤ በ1997 ደግሞ በሕግ ዘጋችው። ከማዕከል የታዘዘ ዘመቻ እነዚህን ሴቶች ሊያገኛቸው ይችል ነበር ብዬ አላምንም።

በካምቦዲያ ደግሞ ከፊት የወጡት ተጎጂዎቹ ራሳቸው ናቸው። ቱን ቻናሬት ሁለት እግራቸውን በፈንጂ ያጡ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ለሌሎች አካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር ይሠሩ ነበር። በኋላ ኦስሎ ላይ የኖቤል ሽልማቱን በዘመቻው ስም የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በጁን 1995 ዘመቻው ዓለም አቀፍ ጉባኤውን ፕኖም ፔን ላይ አደረገ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ጉባኤዎች ለንደንና ጄኔቫ ነበሩ፤ ፈንጂ በተቀበረበት አገር ሲሰበሰቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ባለሙያ ይሁን ተጎጂ የሚለው ጥያቄ በዚህ ጊዜ ተነስቶ ከዚያ ወዲህ አልተኛም።

ፈረንሳይ የጠየቀችው ክለሳ ሴፕቴምበር 1995 ቪየና ላይ ተጀመረ። ዘመቻው ያለ የሌለ ኃይሉን ወደዚያ አሰለፈ። ይሁን እንጂ ስብሰባው የሚሠራው በሙሉ መግባባት ነበር፤ አንድ አገር እምቢ ካለ ሁሉም ይቆማል። ቪየና ላይ አልተስማሙም። ጄኔቫ ላይ ሁለት ጊዜ ተገናኙ። ሜይ 3 ቀን 1996 የጸደቀው የተሻሻለ ፕሮቶኮል ለእርስ በርስ ጦርነትም እንዲሠራ መደረጉ እውነተኛ መሻሻል ነበር። ከዚያ ውጭ ግን ፈንጂ በብረት መፈለጊያ የሚገኝ ይሁን፣ ከርቀት የሚበተነው ራሱን የሚያጠፋ ይሁን ብሎ ለአንዳንዱ ግዴታ የ9 ዓመት ፋታ ሰጠ። እገዳ የሚል ቃል የለበትም።

ብዙ ዘመቻ እዚህ ላይ ይሞታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተለፋበት መድረክ ባዶ እጅ ሲመልስ አባላት ይደክማሉ፤ ገንዘብ የሚሰጡትም ፊታቸውን ያዞራሉ። ዘመቻውን ያተረፈው ስብሰባው እየከሸፈ ሳለ ጎን ለጎን የሠራው ሥራ ነው። በጄኔቫው ስብሰባ ሙሉ እገዳን የሚደግፉ መንግሥታትን ስም እየጻፈ በይፋ ያወጣ ነበር። ዝርዝሩ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ስሙ ያልተጻፈበት አገር ዲፕሎማት ዋና ከተማው ደውሎ «እኛስ?» ብሎ እንዲጠይቅ አስገደደ። ሁለተኛ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ትንንሽና መካከለኛ አገሮች አንድ ዓይነት ሐሳብ እንዳላቸው እንዲያውቁ አደረገ። ዘመቻው እነዚህኑ አገሮች ለብቻ ሰብስቦ አነጋገረ። መንግሥታትን ያገናኘው ያልተመዘገበ የዜጎች ጥምረት መሆኑ በዲፕሎማሲ ታሪክ ያልተለመደ ነገር ነው። ከዚያ ውይይት ካናዳ እገዳ የሚፈልጉ አገሮችን ብቻ ልጥራ ብላ ተነሳች።

በኦክቶበር 1996 ኦታዋ ላይ 50 መንግሥታት በሙሉ ተሳታፊነት፣ 24 ደግሞ በታዛቢነት ተገኙ። ብዙዎቹ የመጡት ጥሩ መግለጫ አውጥተው ለመበተን ነበር። ኦክቶበር 5 ቀን በመዝጊያው ንግግር የካናዳ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎይድ አክስወርዚ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ፤ በ1997 መጨረሻ እንደገና ወደ ኦታዋ ኑና የእገዳ ስምምነት እንፈርም አሉ። አስቀድመው የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና የዘመቻው አስተባባሪ ይገኛሉ። የወዳጅ አገሮች ዲፕሎማቶች ተቆጡ። የዘመቻው ሰዎች ተነስተው አጨበጨቡ።

የአክስወርዚን ድፍረት ማሳነስ አይገባም። ነገር ግን ድፍረቱ የሚቆምበት መሬት የነበረው ዘመቻው ስላዘጋጀለት ነው። ቃሉን የተናገሩት በየአገሩ የሚኒስትሮችን በር የሚያንኳኳ ሰው እንዳለ አውቀው ነው። ከተባበሩት መንግሥታት መደበኛ መድረክ ወጥቶ በሌላ መንገድ መሄድ ለትንሽ አገር አደገኛ ነው፤ ብቻዋን ቀርታ ትታያለች። ዘመቻው ግን ብቻ እንደማትቀር በስም ዝርዝር አሳይቷት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው 14 ወር በጣም የተጣደፈ ነው። ኦስትሪያ የስምምነቱን ረቂቅ አዘጋጀች። መንግሥታት በፌብሩዋሪ ቪየና፣ በኤፕሪል ቦን፣ በጁን ብራስልስ ተገናኙ። አሜሪካ በበኩሏ በጃንዋሪ 1997 ጉዳዩን ወደ ጄኔቫው የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ መውሰድ እንደምትመርጥ አስታወቀች፤ ያም ጉባኤ በሙሉ መግባባት የሚሠራ በመሆኑ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ብራስልስ ላይ 97 አገሮች በዓመቱ መጨረሻ ሙሉ እገዳ ለመፈረም የገቡትን ቃል በጽሑፍ አጸኑ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሚዛኑን የደፋው የአፍሪካ አሰላለፍ ይመስለኛል፤ ሲነገር ግን እምብዛም አልሰማም። ደቡብ አፍሪካ በፌብሩዋሪ 1997 ፈንጂን አገደች። በዚያው ወር ዘመቻው አራተኛ ጉባኤውን ማፑቶ ሲያደርግ የሞዛምቢክ መንግሥት እገዳውን በጉባኤው ላይ አወጀ። በሜይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመተባበር በደቡብ አፍሪካዋ ኬምፕተን ፓርክ ላይ አህጉራዊ ስብሰባ አደረገ። ፈንጂ የተቀበረባቸው አገሮች እራሳቸው «ይታገድ» ሲሉ «ይህ የሀብታም አገር በጎ አድራጊዎች ጩኸት ነው» የሚለው ክርክር ጉልበት አጣ።

ዘመቻው የተቃዋሚን ክርክር በተቃዋሚው ሜዳ የመመለስ ልምድም ነበረው። «ጦር ሠራዊት ያለ ፈንጂ መዋጋት አይችልም» ለሚለው መልስ የሰጡት የሰላም ታጋዮች ቢሆኑ ማን ይሰማቸው ነበር? በኤፕሪል 1996 ጄኔራል ኖርማን ሽዋርዝኮፍን ጨምሮ 15 ጡረታ የወጡ የአሜሪካ ከፍተኛ መኮንኖች ለፕሬዚዳንት ክሊንተን በጋዜጣ ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ እገዳው ለወታደሩም ይጠቅማል አሉ። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ደግሞ በዚያው ዓመት በጦር ባለሙያ ያስጠናውን አወጣ፤ ፈንጂ በጦርነቶች ውስጥ አለው የተባለው ወሳኝ ጥቅም በማስረጃ የተደገፈ አለመሆኑን ያሳየ ጥናት ነው።

የመጨረሻው ድርድር ሴፕቴምበር 1 ቀን 1997 ኦስሎ ላይ ተከፈተ፤ ልዕልት ዳያና በፓሪሱ የመኪና አደጋ በሞቱ ማግሥት። በጃንዋሪ በአንጎላ በፈንጂ ሜዳ መካከል መራመዳቸው፣ በኦገስት ቦስኒያ ሄደው ተጎጂዎችን መጠየቃቸው ጉዳዩን በየቤቱ አስገብቶት ነበር። ዝናቸው ረድቷል። ሆኖም ዘመቻውን ያሸነፉለት እሳቸው ናቸው የሚለውን አባባል አልቀበልም፤ አንጎላ ሲገቡ አብዛኛው ሥራ አልቆ የመፈረሚያው ቀን እንኳ ተቆርጦ ነበር።

ወደ 90 የሚጠጉ መንግሥታት በሙሉ ተሳታፊነት በተገኙበት በኦስሎው ስብሰባ ሁለት ነገሮች ከጄኔቫው ይለዩ ነበር። ዘመቻው በአዳራሹ ውስጥ ወንበር ተሰጥቶት ይናገራል፤ በኮሪደር መጠበቅ ቀርቷል። ሁለተኛው፣ መግባባት ካልተቻለ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መወሰን ይቻላል። አንድ አገር ብቻዋን ማስቆም አትችልም።

አሜሪካ በመጨረሻ ወደ ኦስሎ መጣች፤ የመጣችው ግን የኮሪያ ልሳነ ምድር ነፃ እንዲሆን፣ የአንዳንድ ፈንጂዎች ትርጉም እንዲቀየር፣ ስምምነቱ በሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ እንዲራዘምና በጦርነት ጊዜ መውጣት እንዲፈቀድ ጠይቃ ነው። የዘመቻው መልስ የታወቀ ነበር፤ ልዩ ሁኔታ የለም፣ ተአቅቦ (አንዱን አንቀጽ አልቀበልም ብሎ መፈረም) የለም፣ ቀዳዳ የለም። ፈተናው ከባድ ነበር። ታላቅ ኃያል አገርን ይዞ የላላ ስምምነት ይሻላል ወይስ ያለ እሷ የጠበቀ? የአሜሪካን ፊርማ ማግኘት ለብዙ ዲፕሎማቶች ትልቅ ድል ነው። በየዋና ከተማው ያሉት ብሔራዊ ዘመቻዎች በእነዚያ ቀናት ወደየሚኒስትሮቻቸው ስልክ ይደውሉ ነበር፤ ኦስሎ ላይ አንድ ልዑክ ሲወላውል ከታየ ወሬው አገሩ ደርሶ ጋዜጠኛ ይጠይቃል። የስብሰባው ሊቀመንበር የደቡብ አፍሪካው አምባሳደር ጃኪ ሰለቢም ስብሰባውን በጥብቅ መሩት። አሜሪካ የ24 ሰዓት ጊዜ ጠየቀች፤ ተሰጣት። በማግሥቱ ሐሳቦቿን አነሳች፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም እንደማይፈርሙ ተናገሩ። ሴፕቴምበር 18 ቀን ስምምነቱ ጸደቀ።

ትክክል ነበር? እኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ለአንድ አገር የተከፈተ በር ለሌላው አይዘጋም፤ ኮሪያ ከተፈቀደች እያንዳንዱ አገር የራሱን ድንበር ይዞ ይመጣል። ዋጋው ግን አሁንም እየተከፈለ ነው። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ሕንድና ፓኪስታን ከስምምነቱ ውጭ ናቸው።

ዲሴምበር 3 ቀን ኦታዋ ላይ ፊርማው ተጀመረ፤ ካናዳ፣ አየርላንድና ሞሪሸስ በዕለቱ አጸደቁት። ኢትዮጵያም በዚያው ቀን ከፈረሙት አንዷ ናት፤ ያጸደቀችው በዲሴምበር 2004 ነው። ቡርኪና ፋሶ በሴፕቴምበር 1998 40ኛዋ አጽዳቂ ስትሆን ስምምነቱ ማርች 1 ቀን 1999 በሥራ ላይ ዋለ። አባል አገሮች ያከማቹትን በ4 ዓመት ያወድማሉ፤ የተቀበረውን በ10 ዓመት ያጸዳሉ፤ ማራዘሚያ መጠየቅም ይቻላል። ከጦር መሣሪያ ስምምነቶች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተጎጂዎች ድጋፍ መስጠት በአንቀጽ ተጻፈ፤ ይህን ያስጻፉት ከራሳቸው አካል የሚናገሩ ሰዎች ናቸው።

ስምምነቱ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። መርማሪ አካል የለውም። መንግሥታት በየዓመቱ ስለ ራሳቸው ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ሪፖርቱን የሚፈትሽ ቢሮ የለም። ብዙ ዘመቻ ስምምነት ሲፈረም ደስታውን አክብሮ ይበተናል። ይህኛው በ1998 ላንድማይን ሞኒተር የተባለ የራሱን መከታተያ አቋቋመ፤ በሜይ 1999 አባል አገሮች ማፑቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ ሪፖርት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። በየአገሩ ያለ ተመራማሪ የራሱን አገር ይመረምራል፤ ስለ አባላትም ስለማይፈርሙትም ይጻፋል። የመንግሥታትን ስምምነት ዜጎች በራሳቸው አነሳሽነት በዚህ ስፋት ሲከታተሉ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከስዊዘርላንዱ ዘመቻ የወጡ ሰዎች ደግሞ በ2000 ጄኔቫ ኮል የተባለ ድርጅት መሥርተው የስምምነት ፊርማ የማይፈቀድላቸውን ታጣቂ ቡድኖች ለብቻ ቃል ማስገባት ጀመሩ።

ውጤቱን መካድ አይቻልም። አባል አገሮች ያወደሙት ክምችት ከ55 ሚሊዮን ፈንጂ በላይ ነው። በፈንጂ ከተጎዱት አገሮች አንዷ የነበረችው ሞዛምቢክ በ2015 ከፈንጂ ነፃ መሆኗን አወጀች። አሜሪካ ባትፈርምም ኤክስፖርቷን ለረጅም ጊዜ አቁማ ቆይታለች። በ2008 የክላስተር ቦምብ (ተከፍቶ ብዙ ትንንሽ ቦምቦችን የሚበትን ቦምብ) እገዳ ስምምነት የተገኘው በዚሁ መንገድ ተሂዶ ነው፤ ከመደበኛው መድረክ ወጥቶ፣ ፈቃደኛ አገሮችን ይዞ፣ የዜጎች ጥምረት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ።

ውስጡ ግን ጠባሳ አለው። ሽልማቱ ለአንድ ሰውና ለአንድ ጥምረት እኩል መከፈሉ የሺዎች ሥራ በአንድ ስም እንዲታይ አደረገ፤ በመሥራቾች መካከል ስለ ዕውቅናና ስለ አመራር የተነሳው ቅራኔም በጊዜው አደባባይ ወጣ። ልልና ክፍት መሆን ለትግሉ በረከት ነበር፤ ገንዘብና ክብር ሲመጣ ግን ማን በማን ስም ይቀበላል የሚለውን የሚፈታ ደንብ አልነበረም። ሌላም አለ። መሥራቾቹ ስድስቱም ከአውሮፓና ከአሜሪካ ናቸው፤ አስተባባሪ ኮሚቴው የተጎዱትን አገሮች ዘመቻዎች ያካተተው እየቆየ ነው። የካምቦዲያ፣ የአፍጋኒስታንና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ሲገቡ ሥራው ተለወጠ፤ አጀንዳው ከእገዳ ወደ ማምከንና ወደ ሕክምና ሰፋ። ይህ ከመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ለተጎጂዎች የተጻፈው አንቀጽ አሁን ካለው የጠነከረ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ጋር ነው። ሩሲያ አባል አይደለችም፤ ፈንጂም በብዛት ተጠቅማለች። አሜሪካ በኖቬምበር 2024 ፀረ-ሰው ፈንጂ ለዩክሬን እንዲሰጥ ፈቀደች። በ2025 ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊቱዌኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ከስምምነቱ ለመውጣት ለተባበሩት መንግሥታት አስታወቁ፤ ዩክሬንም የራሷን እርምጃ ወሰደች። ስምምነቱ እንዲህ ያለ የመውጣት ሰልፍ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም።

የእነዚህን ሕዝቦች ፍርሃት ማቃለል ነውር ነው። ትልቅ ጎረቤት አገር ወርሮ ሲያዩ የድንበራቸውን ጉዳይ እንደገና ቢያስቡ የሚያስገርም አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ የዘመቻው መልስ ነው። ፊንላንድና ፖላንድ ስምምነቱን የተቀላቀሉት በ2012፣ ሦስቱ የባልቲክ አገሮች ደግሞ ከ2003 እስከ 2005 ነው፤ የ1990ዎቹ የአደባባይ ክርክር እንደ ቤልጂየም ወይም እንደ ጣሊያን በአገር ውስጥ ገፍቶ ያመጣው ውሳኔ አልነበረም። በ1996 ጄኔራሎቹ የጻፉትን ዓይነት ደብዳቤ ዛሬ በፊንላንድኛ ወይም በፖላንድኛ የሚጽፍ ጡረተኛ መኮንን ማግኘት፣ ፈንጂ የሚተካበትን የመከላከያ ዘዴ በቁጥር የሚያስረዳ ሰው ማሰለፍ፣ ያንንም በየአገሩ ሰው አፍ ማስነገር አለበት። ከጄኔቫ የሚወጣ መግለጫ ይህን አይተካም። መውጣት የሚጸናው ማስታወቂያው ከቀረበ ከ6 ወር በኋላ ነው፤ የወጣ አገርም ተመልሶ መቀላቀል ይችላል። ከ160 በላይ አገሮች ደግሞ አሁንም አባል ናቸው፤ ከእነሱም ፈንጂ የተቀበረባቸው እርሻቸውን እያጸዱ ነው።